ድንቹ፣ ገብሱና የትዝታ አጥንት

በጉና ሥር ያሉ ገበሬዎች ይርጋን በስሙ የሚጠሩት ሲቆጡ ብቻ ነው። በደህናው ቀን «ኮርማው» ይሉታል። ሞተሩ ከክምር ድንጋይ ከተማ ተነሥታ ዳገቱን እያጓራች ስትወጣ ገና ከሩቅ «ኮርማው መጣ» ይባባላሉ፤ ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው «እንግዲህ ጊደር ያላችሁ አውጡ» እያሉ ይሣሣቃሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀለደበት ሰው ነውና አይሞቀው፣ አይበርደው። እንዲያውም ሲያሻው ራሱ ይጀምረዋል። «እንደኔ ያለ ኮርማ ከየት ታመጣላችሁ? ሣር አልግጥ፣ አጥር አልጥስ፣ በስልክ ስጠራ እመጣለሁ» ይላል።

ሥራው ላም ማዳቀል ነው። ቢሮው ደብረ ታቦር ይሁን እንጂ ውሎው ከፋርጣ ቀበሌዎች በአንዱ፣ በሰው በረት ውስጥ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው በላስቲክ ጓንት ሸፍኖ ነው። ከሞተሩ ኋላ በጎማ ታስሮ የሚሄድ አንድ የአሉሚኒየም ዕቃ አለው። በቢሮ ወረቀት ላይ ረጅም ስም ተሰጥቶታል፤ እሱ ግን «ጋኑ» ይለዋል። ጋኑ ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ፤ ሲያዩት ውኃ የሚመስል፣ ቅዝቃዜው ግን ከዜሮ በታች መቶ ዘጠና ስድስት ዲግሪ የሆነ ነገር። ክዳኑ ሲነሣ ነጭ ጢስ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ይህን ያዩ ባልቴቶች ያማትባሉ። ከጢሱ ሥር ስስ የላስቲክ ቀሰሞች ተደርድረዋል፤ በያንዳንዳቸው ውስጥ የአንድ ኮርማ ዘር፣ በላያቸው የኮርማው ቁጥር።

ይርጋ ጨዋታ ይወዳል። ከጨዋታውም ሁሉ የሚወደው የአንዱን ኮርማ ነገር ነው። ቀሰሙን በመቆንጠጫ ከጢሱ ብቅ አድርጎ፣ «ይህ ኮርማ ከሞተ አሥር ዓመት ሆነው» ይላል። «ሥጋው ተበልቷል፣ ቆዳው ተሽጧል። ዘንድሮ ግን እዚሁ ቀበሌ ውስጥ አራት ጥጃ ተወለደለት። እዚህ ጋን የገባ አይሞትም።» ይህን በሠርግም በለቅሶም አውርቶታል። የእህቱን ልጅ ትዝታን ገና አምስት ዓመቷ ሳለ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነግሯታል። ኋላ ያሳሳተውም ይኸው ጨዋታው ነው።

ትዝታ የታላቅ እህቱ የጥሩወርቅ ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ። እናቷና አባቷ ሲሳይ ጉና ሥር ድንችና ገብስ ያመርታሉ፤ እሷ ግን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ደብረ ታቦር ይርጋ ቤት ሆና ነው የምትማረው። ባለፈው በጋ ከግራ ጉልበቷ ከፍ ብሎ ጭኗን ያማት ጀመር። መረብ ኳስ ስትጫወት የተቀጨች መሰላቸው። ወጌሻ ዘንድ ሄዳ ታሸች፤ እየታሸች ባሰባት። በሦስተኛው ቀን ወጌሻው ራሱ እጁን አነሣና «ወለምታ ከእጄ ሥር ይላላል፤ ይህ ይጠነክራል። ይህ የኔ አይደለም፤ ራጅ አስነሡአት» አለ። ከራጁ ወዲያ መንገዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሆነ። ናሙና ተወሰደና ስሙ ተነገራቸው፦ የአጥንት ነቀርሳ። ብዙ ሰው የማይዝ፣ ከያዘም ልክ እንዲህ አጥንታቸው በሚመዘዝበት ዕድሜ ያሉትን ልጆች የሚመርጥ።

ኬሞ የሚሉት የነቀርሳ መድኃኒት ተጀመረ። ጸጉሯ ረገፈ። ጥሩወርቅ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ከዘመድ ቤት ከረመች፤ ሲሳይ ከብቱንና አዝመራውን ይዞ ቀረ። ከቤተሰቡ ኮሌጅ የረገጠ ይርጋ ብቻ ነውና የሲሳይ ቃል ከመጀመሪያው አንድ ነበር። «ይርጋ ያለው ይሁን።»

ጥቅምት ሃያ ስድስት ቀን ስልኩ ሲጮህ ይርጋ አያ ማስተዋል የሚባሉ ገበሬ በረት ውስጥ ነበር። ቀኝ ክንዱ ላሟ ውስጥ ነው፤ ግራው ጅራቷን ይዟል።

«አያ ማስተዋል፣ እባክዎ ከኪሴ ያውጡልኝ።»

ሽማግሌው ስልኩን አውጥተው ገልብጠው ጆሮው ላይ ለጠፉለት። ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ እንዲሁ ሆኖ ነው የሆነው፤ ክንዱ ላም ውስጥ፣ ስልኩ በሰው እጅ።

«ይርጌ» አለች ጥሩወርቅ። «ሐኪሞቹ ዛሬ ተሰብስበው ሁለት መንገድ አለ አሉን። አንዱ እግሯን ከጭኗ መቁረጥ ነው። ሁለተኛውን ግን አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ነው።»

«ምንድነው እሱ?»

«የታመመውን አጥንት ቆርጠው ያወጡታል። ከዚያ በዚያ በምትሸከመው ጢስ ይነክሩታል። ሃያ ደቂቃ። ነቀርሳው እዚያ ውስጥ ይሞታል፣ አጥንቱን አጥበን መልሰን እንተክለዋለን አሉ። የራሷን አጥንት።»

«በናይትሮጅን?»

«ስሙን እንጃ። ዶክተሯ ‹ወንድምሽ ምን ይሠራል?› ብላ ስነግራት ሣቀች፤ ‹እንግዲያውስ እሱ ያስረዳሽ› አለችኝ።»

ይርጋ አልሣቀም። በዓይኑ የመጣበት ያ ከሞተ አሥር ዓመት የሆነው ኮርማ ነው።

«አይሆንም እታለም» አለ። «እዚያ የገባ አይሞትም። እኔ ዕድሜ ልኬን ያየሁት ይህንን ነው። ነቀርሳውን አስተኝተው መልሰው ሊተክሉባት ነው። ከሆነ ይቆረጥ፤ ይህንን ግን እንቢ በይ።»

በወዲያኛው ጫፍ የትዝታ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፤ «መቆረጡንስ ማን እሺ አለው?» ስትል።

«ሰማሃት?» አለች ጥሩወርቅ። «እስከ ኅዳር አራት ቁርጡን ንገሩን ብለዋል። መድኃኒቱ ነቀርሳውን አድክሞታል፤ ከቆየን ግን ነፍስ ይዘራል አሉ።»

ስልኩ ተዘጋ። አያ ማስተዋል ስልኩን ወደ ኪሱ መለሱና ጥቂት አሰቡ።

«ይርጋ» አሉ። በስሙ ነው የጠሩት። «እኔ አንዲት ጊደር ልሸጥ ሦስት ቅዳሜ ገበያ እመላለሳለሁ። አንተ የልጂቱን ነገር ከላሜ ሆድ ሳትወጣ ቆረጥከው?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይርጋ ደግሞ አፍስሶ ገና መልቀምም አልጀመረም። ዳገቱን ሲወርድ ሞተሩ ላይ ሆኖ ያሰበው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ያህል የተማሩ ሰዎች፣ እኔ የማውቀውን ይህን ቀላል ነገር እንዴት አጡት? ይርጋ ጥያቄ ከገባበት እንቅልፍ የለውም። ባለቤቱ ብርቱካን «አንተ እኮ ቀብር ላይም ሬሳውን ትጠይቃለህ» የምትለው ወዳ አይደለም።

በማግሥቱ የጥቅምት መድኃኔዓለም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቁጥሩን ከእህቱ ተቀብሎ ለዶክተሯ ደወለ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ዶክተር ፋሲካ የምትባለዋ ሐኪም በድምፅዋ ወጣት ናት፤ የምትናገረውም ችኮላ በሌለው አፍ ነው።

«ጋሽ ይርጋ ነዎት? እንቢ ያሉት?»

«እኔው ነኝ ዶክተር። ሳላውቅ ተናግሬ ከሆነ ልማር ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ ስለ ላም አላውቅም፤ አስቀድመው እርስዎ ያስተምሩኝ። የኮርማው ዘር ናይትሮጅኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ምን ይደረግለታል?»

ይርጋ ይህንን በሥልጠና ላይ በቃሉ የወጣው ነው። «በእንቁላል አስኳልና በግሊሰሪን ይቀየጣል። ከዚያ ቀስ እያለ፣ በየደረጃው ይቀዘቅዛል። በአንድ ጊዜ አይነከርም።»

«ለምን?»

«ያለዚያማ ይሞታል።»

ይህን ካለ በኋላ የገዛ ቃሉን ሰማው። ዶክተሯም እንዲሰማው ጊዜ ሰጠችው።

«ቀሰሙ አንዴ ከቀለጠ በኋላ መልሰው ቢከቱትስ?»

«እሱማ አይረባም፤ ይጣላል።»

«እንግዲህ ለነቀርሳው አስኳል የሚያጠጣው የለም ጋሽ ይርጋ። እንዲሁ በድንገት ይገባል፣ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል፣ በረዶውም ከውስጥ ይቦጫጭቀዋል። የአጥንቱም ሕይወት አብሮ ይሞታል፤ ይህንን አልደብቅዎትም። የሚተርፈው አጥንቱ ራሱ ነው፤ ጥንካሬው።»

«የሞተ አጥንት ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ነዋሪው ያለቀበት ቤት ይበሉት። ግድግዳው ቆሟል። በብረት አጥብቀን እናስረዋለን፤ ከላይና ከታች ያለው የራሷ ሕያው አጥንት ደግሞ ቀስ እያለ እየገባ ይኖርበታል። ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያም በላይ።»

ይርጋ አሁን ማቆም አልቻለም። ሌላስ ምን አለ? ሌላ አገርስ ምን ያደርጋሉ? እሷም አልሰለቸችም። በአጥንቱ ቦታ ብረት የሚያስገቡ አሉ፤ ልጁ ሲያድግ ሳይቀደድ ከውጭ በማግኔት የሚረዝም ብረት ሳይቀር ተሠርቷል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። የሰውነትን ዘበኞች ነቀርሳውን ለይተው እንዲያጠፉ የሚያስተምሩ መድኃኒቶች እየተሞከሩ ነው፤ አንዳንዱ ተስፋ አሳይቷል፣ ብዙው ገና ምርምር ላይ ነው። አጥንት በናይትሮጅን መንከሩ ግን ከጃፓን ተነሥቶ ብረቱን መግዛት ያቃታቸው አገሮች ሁሉ የወደዱት ነው፤ አጥንቱ የራስ፣ ልኩ የራስ።

«እኛ ጋ አዲስ ነው» አለች። «እሺ ካላችሁ ትዝታ ሦስተኛችን ናት። ሊሰበር ይችላል፣ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ነቀርሳው ከጎኑ ሊመለስ ይችላል። ያኔ እንቆርጣለን። ከሁሉ በፊት ሕይወቷ ነው፤ እግሯ ከዚያ ወዲያ። ግን መድኃኒቱን ጥሩ አድርጋ ተቀብላለች፣ ሳንባዋም ንጹሕ ነው። የሚሞከርላት ልጅ ናት።»

ይርጋ አመስግኖ ዘጋ። የሰማው ሁሉ ልክ መሰለው። ትናንትም ግን የተናገረው ሁሉ ልክ መስሎት ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለተኛውን ቃል በጆሮው ብቻ ሰምቶ ሊያወጣው ፈራ።

ጥቅምት ሃያ ስምንት ጠዋት ጋኑን ወደ ቤቱ ጓሮ አመጣው። የእንጨት ማስመሪያውን አስገብቶ አወጣ፤ እንጨቱ ላይ የተጋገረው ነጭ አመዳይ ናይትሮጅኑ እስከየት እንዳለ ይናገራል። አራት ጣት ብቻ ቀርቷል። ናይትሮጅን ከባሕር ዳር ነው የሚመጣው፤ መንገድ ተዘግቶ ከሰነበተ ጋኑ እየተነነ ባዶውን ይቀራል፤ ቀሰሞቹም አብረው ያልቃሉ። ከአራቱ ጣት አንዷን ማፍሰስ የስንት ገበሬ ጥጃ ማፍሰስ እንደሆነ ያውቃል። ቆሞ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ የብርቱካንን ፔርሙዝ ይዞ ወጣ።

«እሱን ወዴት?» አለች ከኋላው።

«ለትዝታ ነው።»

«ለትዝታ ሻይ ልትልክ ነው?»

ድንችና ገብስ ነክሮ ጢሱ የሚገድለውን በዓይኑ ሊያይ እንደሆነ ሲነግራት ወገቧን ይዛ አዳመጠችው። «እኔ መቼም» አለች በመጨረሻ፣ «ኮርማ አግብቼ ሰው መስሎኝ ኖሬአለሁ። በል ድንቹን ላምጣልህ፤ ዓይን ያወጣው ይሻላል፣ ሕይወት እንዳለው እንዲታይ።»

አንድ ዓይን ያወጣ ድንች አመጣች። ይርጋ ከጆንያው እፍኝ ገብስ ዘግኖ በጨርቅ ቋጠረ። ከትናንቱ በዓል የተረፈ የበግ ቅልጥም ደግሞ ነበር። ክዳኑ ባልተዘጋው ፔርሙዝ ናይትሮጅኑን ሲቀዳው እንደ ጋለ ምጣድ ተንጨረጨረ። ድንቹን በክር አንጠልጥሎ፣ ገብሱንና ቅልጥሙን አስከትሎ አስገባቸው፤ ሰዓቱን አየ። ሃያ ደቂቃ።

ሲያወጣው ድንቹ ሣህኑን ሲነካ እንደ ደወል ጮኸ። እስከ ምሳ ሰዓት ግን ቀልጦ ውኃውን ያለቅስ ጀመር፤ ሲጫኑት እንደ ራሰ ጨርቅ ገባ አለ። ዓይኑ ጠቆረ። ቅልጥሙን ይርጋ በጉልበቱ ሊሰብረው ሞከረ፣ ድንጋይ ላይ አጋድሞ ቆመበት፤ አልተበገረም። «አየሽ» አላት ብርቱካንን፣ ገና ከአጥንቱ ላይ ሳይወርድ። «ሥጋው ሞተ፤ ግድግዳው ቆመ።»

ገብሱን በራሰ ጨርቅ ላይ በትኖ መስኮት ሥር አኖረው። አይበቅልም ብሎ ነው። ኅዳር አንድ ቀን ጠዋት ጨርቁን ሲገልጥ ግን ከየፍሬው ነጭ ሥር ብቅ ብሏል። አንድም የቀረ የለም።

ይርጋ ጨርቁን እንደያዘ ቁጭ አለ። ድንቹ ሞቷል፣ ገብሱ ግን ከዚያው ጢስ ወጥቶ በቅሏል። ነቀርሳው እንደ ድንቹ ይሁን እንደ ገብሱ በምን ይታወቃል? ሐሳቡ እንደገና ወደዚያ ወደ ሞተው ኮርማ ተመለሰ። ይህን የመሰለ ነገር በስልክ አይባልም አለና ድንቹን በላስቲክ፣ ገብሱን በጨርቁ ጠቅልሎ፣ መንገድ መከፈቱን ሰምቶ በማግሥቱ በወረታና በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ወረደ፤ ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄደ። ፍተሻው ላይ ያለው ሰው የበሰበሰውን ድንች አይቶ ቀና አለና «ይህ ለማን ነው አባባ?» አለው። «ለእህቴ» አለ ይርጋ። ሰውየው ሌላ አልጠየቀውም።

ኅዳር ሦስት ቀን ረፋዱ ላይ ሆስፒታሉ ግቢ፣ ፀሐይ ያለበት አግዳሚ ላይ አገኛቸው። ትዝታ ራሷን በሻሽ አስራ፣ ግራ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ፊቷ ከስቷል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው።

«ጋሼ፣ ከላም ሆድ ወጣህ?» አለችው ገና ሳይስማት።

«ማን ነገረሽ?»

«አያ ማስተዋል ለአባዬ፣ አባዬ ለእማዬ። ጉና ሥር ያልሰማ የለም።»

ጥሩወርቅ አልሣቀችም። ቀኑን እየቆጠረች ነው። «ነገ ቁርጡን ይፈልጋሉ ይርጌ» አለች። «ሲሳይን ብደውልለት ይርጋ ያለው ይሁን ይለኛል። ያንተን ቃል ይዤ እዚህ ደርሻለሁ። እሷ ደግሞ ቆርጣችሁ ከምታኖሩኝ እንዲሁ ልሂድ ትላለች።»

ይርጋ ከፊት ለፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እታለም» አለ፣ «ያ ቃሌ ስሕተት ነበር። ሳልጠይቅ ነው የተናገርኩት። ዛሬም ግን ሁለተኛውን ቃል ይዤ አልመጣሁም፤ ያየሁትን ይዤ ነው የመጣሁት።» ጥቅሉን ፈታ። ፔርሙዙን፣ ጢሱን፣ ሃያውን ደቂቃ፣ ቅልጥሙ ላይ መቆሙን ሁሉ ተረከ።

ጥሩወርቅ ድንቹን ተቀብላ በሁለት ጣቷ ጫን አደረገችው፤ አሸተተችው።

«ውርጭ የመታው ድንች ነው» አለች።

«በናይትሮጅን ነው እንጂ።»

«ምን ለየው? በታኅሣሥ ስንት ጊዜ ማሳውን ሙሉ እንዲህ አድርጎ አሳድሮብኛል። ማታ ለምለም ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ጥቁር፣ ውኃ።»

«እሺ፤ ገብሱንስ ተመልከቺው። ያው ጢስ ውስጥ ገብቶ በቀለ። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነው።»

ጥሩወርቅ ጨርቁን አየች፤ ወንድሟን አየች። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቅ መጣባት።

«አንተ የገበሬ ልጅ አይደለህም? ደረቅ እህል ውርጭ ምኑን ያገኘዋል? ጎተራዬ ውስጥ ያለው ዘር ስንት የጉና ውርጭ አሳልፎ ነው በሰኔ የምዘራው? ውርጭ የሚገድለው ውኃ ያዘለውን ነው። ብቅል ልታደርገው ዘፍዝፈኸው፣ ጎንቆል ሲያወጣ ከተኸው ቢሆን ኖሮ ታየው ነበር። እኔን በስልክ ብትጠይቀኝ የብርቱካንን ፔርሙዝ ባላበላሸህ።»

ይርጋ ገብሱን መልሶ አየ። ውኃው። ዶክተሯ ነግራው ነበር፣ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል ብላ። ሰምቶት አልሰማውም።

በዚህ መካከል ዶክተር ፋሲካ ከሕንጻው ወጥታ ወደነሱ መጣች። በእጇ ሻይ ይዛለች፤ አግዳሚው ላይ የተደረደረውን ድንችና ገብስ አይታ ቆመች። ማንም ሳያስረዳት ትዝታ ቀደመች።

«ዶክተር፣ ነቀርሳው ደረቅ ነው እርጥብ?»

ዶክተሯ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ለመረዳት አንድ ጊዜ ወደ ድንቹ፣ አንድ ጊዜ ወደ ገብሱ ተመለከተች። «እርጥብ ነው» አለች። «ሥጋ ነው። ልክ እንደዚህ ድንች።»

ትዝታ ጣቷን ከጉልበቷ ከፍ ብሎ ያበጠው ላይ አሳርፋለች።

«ሲመለስ የኔ ነው?»

«ያንቺው ነው። ሕይወቱን ግን አንቺ ቀስ ብለሽ ትሰጪዋለሽ። እስከዚያ እንዳትረግጪበት። ደግሞ ስንከፍተው ካየነው በላይ ሄዶ ከተገኘ፣ እንቆርጣለን። ይህንን አውቀሽ ነው እሺ የምትዪው።»

«እማዬ?» አለች ትዝታ።

«እኔ ውርጭን አውቀዋለሁ» አለች ጥሩወርቅ። «ሲያጠፋ እንጂ ሲያተርፍ አላየሁትም። አንድ ጊዜ ይካሰኝ።»

ትዝታ ወደ አጎቷ ዞረች። እሱ ግን የሚጠበቅበትን ቃል አልተናገረም። «እግሩ ያንቺ ነው» አለ ብቻ።

«እንግዲያው ይግባ» አለች።

ሲሳይ ተደወለለት። የተባለውን ሁሉ ከመጀመሪያው አስደግሞ ሰማ፤ ስለ ድንቹ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ቀጥሎ «ትዝታ ያለችው ይሁን» አለ። ጥሩወርቅ ወረቀቱ ላይ ፈረመች።

ቀዶ ጥገናው ኅዳር ዘጠኝ ቀን ሆነ። ይርጋና ጥሩወርቅ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ረጅም ሰዓት ጠበቁ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ በሩን ገርበብ አድርጋ «ነቀርሳው ከታሰበው አልራቀም። አጥንቱ አሁን ናይትሮጅኑ ውስጥ ገባ» አለችና መለሰችው። ይርጋ ሰዓቱን አየ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀሰም ሲያቀልጥ ሰከንድ የቆጠረ ሰው ነው፤ ለብ ባለ ውኃ፣ ይህን ያህል ጊዜ፣ አይበልጥ አያንስ። ይህን ያህል የረዘመ ሃያ ደቂቃ ግን አያውቅም።

«ምን ትቆጥራለህ?» አለችው እህቱ።

«እንዲሞት ነው» አለ። «እስከዛሬ እንዳይሞት ነበር የምቆጥረው።»

እሷ መድኃኔዓለምን እየጠራች ነበር። «በል ቁጠር፤ እኔም በበኩሌ አለሁ» አለችው። ሃያው ሲሞላ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ተነሥተው ቆሙ፤ ምን ሊያደርጉ እንደተነሡ ግን አያውቁትም ነበርና ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ችኮላ የሌለው ነገር ነው። ኬሞው ቀጠለ፣ አበቃ። ትዝታ በሰኔ መግቢያ ደብረ ታቦር ይርጋ ቤት ተመለሰች፤ ሁለት ክራንች ይዛ፣ ጸጉሯ እንደ ጎመን ዘር ቡቃያ እያቆጠቆጠ። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ እየሄደች ትታያለች። የመጨረሻውን ራጅ ይርጋ መስኮት ላይ ለጥፎ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳያል። የላይኛው ጫፍ ላይ የነበረው የመቆረጫ መሥመር ደብዝዟል፤ ሕያው አጥንቷ ገብቶበታል። የታችኛው መሥመር ግን አሁንም ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል። ገና አልያዘም። ዶክተር ፋሲካ ጠብቁ ብላለች፤ ሳንባዋ እስካሁን ንጹሕ ነው። ብርቱካን እንግዳው ከሄደ በኋላ ራጁን አንሥታ ከአልጋ ሥር ታኖረዋለች፤ ሌላ ሲመጣ ይርጋ መልሶ ያወጣዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትዝታ «ጋሼ፣ ቢሮህ ውሰደኝ» አለችው። በባጃጅ ወሰዳት። መንገድ ስለተከፈተ ጋኑ ያን ሰሞን እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር። ክዳኑን አነሣላት። ጢሱ በክራንቿ ላይ፣ በእግሯ ላይ እየፈሰሰ ወረደ። ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እዚህ ውስጥ ነበርኩ በለኛ» አለች።

«ከፊልሽ።»

ከዚያ ከሹራቧ ኪስ አንድ ቋጠሮ አወጣች። ገብስ ነው። ዘፍዝፋው፣ ሁለት ቀን አሳድራው፣ ነጭ ጎንቆል አውጥቷል።

«አንተ ያልሞከርከውን አመጣሁ» አለችው። «እማዬ ያለችውን ካላየሁ አላምንም።»

ይርጋ ወዲያ ወዲህ አየ፤ የቢሮው ኃላፊ የለም። ቋጠሮውን በክር አንጠልጥሎ አስገባው። ትዝታ ሰዓቷን አየች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እየቆጠረች ስለ ሂሳብ መምህሯ ስታወራው ቆየች።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ሲጮህ ይርጋ እንደገና አያ ማስተዋል በረት ውስጥ ነበር፤ ክንዱም ያው እንደ ልማዱ። ሽማግሌው ሳይጠየቁ ከኪሱ አውጥተው ጆሮው ላይ ለጠፉለት።

«ጋሼ» አለች ትዝታ፣ «አንድም የቀጠለ የለም። ሁሉም ጠቁሯል።»

ይርጋ ግንባሩን የላሟ ጎን ላይ አሳረፈ።

«ምን አለችህ?» አሉ አያ ማስተዋል። «ምንም ቃል እንዳትሰጥ። አስቀድመህ ክንድህን አውጣ።»